የቲቸር ደምሴ ሦስተኛ ምስክር

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የማስታውሰው አጠገቤ ያለው መስኮት ላይ የሚሠራው ሳሚ ሻይ ሊያመጣ ሲነሳ ግድግዳውን ቀና ብሎ አይቶ «አራት ሞላ፤ እስካሁን ማንም አልጮኸብንም፤ ዛሬ ደህና ቀን ነው» ስላለኝ ነው። የምንሠራው ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የመምህራን የአገልግሎት ማስረጃ በሚታይበት ክፍል ነው። ከመስታወት ኋላ እቀመጣለሁ። ባለጉዳዩ ወረቀቱን በቀዳዳው ያሳልፋል፣ እኔ አያለሁ፣ የጎደለውን እነግረዋለሁ። ብዙ ማውራት ስለማይጠይቅ ሥራው ለእኔ ዓይነት ሰው ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

«እንደምን አደሩ» አለ አንድ ድምፅ። ቀና ሳልል ነው ያወቅሁት። ጎርነን ያለ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠ የሚሄድ ድምፅ ነው። ማመልከቻው ላይ ያለውን ስም አነበብኩ፤ ደምሴ። የትምህርት ዓይነት፣ ጂኦግራፊ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ያለው፣ እኔ የተማርኩበት። ከብዙ ማመንታት በኋላ ቀና አልኩ። ጸጉራቸው ነጭ ሆኗል፤ ትከሻቸው ወደ ፊት ጎበጥ ብሏል። ኮታቸው ያው የድሮው ቡናማ ኮት መሰለኝ፤ ሊሆን እንደማይችል ግን አውቃለሁ።

ጡረታ ሊወጡ ነው። ፋይላቸው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲዘዋወር የስድስት ዓመት ማስረጃ ጎድሎበታል፤ እኔን ያስተማሩኝ ዓመታትም ከስድስቱ ውስጥ ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የምንሠራበት መንገድ አለን። ባለጉዳዩ በዚያ ጊዜ እዚያ ማስተማሩን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ያመጣል፤ አብረውት የሠሩ ወይም እሱ ያስተማራቸው። ቀርበው ያውቁታል ብለው ይናገራሉ፣ ይፈርማሉ፣ የጎደለው ዓመት ይሞላል። ድሮ ሦስት ሰው ማምጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ ሰው በየሰፈሩ ይገኝ ነበርና። ቲቸር ደምሴ ሁለት አግኝተዋል፤ የትምህርት ቤቱን የቀድሞ ዘበኛና አብራቸው ታስተምር የነበረች አንዲት መምህርት። ሁለቱ ባለፈው ሳምንት መጥተው ፈርመዋል።

«ሦስተኛ ምስክር ይጎድላል» አልኳቸው። «ፋይሉ ነገ ከሰዓት ወደ በላይ አካል ይተላለፋል። ነገ ጠዋት ካልመጣ ስድስት ዓመቱ እንደጎደለ ነው የሚሄደው።»

«ያልፈለግሁበት የለም። አንዱን ዶሮ ማነቂያ ነበር የማውቀው፤ ሰፈሩ ፈረሰ፣ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ሌላው አርፏል። ተማሪዎቼ በዚህ ከተማ ውስጥ ሞልተዋል፤ ግን ማን የት እንዳለ በምን ይታወቃል?» ካሉ በኋላ ወደ መስታወቱ ጠጋ አሉ። «እርስዎ የፒያሳ ልጅ ይመስላሉ። እዚያ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ያውቁ ይሆን?»

ከኋላቸው ሰባት ስምንት ሰው ቆሟል። አፌን ከፈትኩ። እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

«አላውቅም» አልኩ። «እኔ ያደግሁት ሌላ ሰፈር ነው።»

«ይቅርታ፣ መስሎኝ ነው» አሉ። ወረቀታቸውን መልሰው እያጠፉ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «እንግዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ የት ነበርክ ብለው ሲጠይቁኝ ምን እንደምል ማሰብ ነው።» ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ከአካሄዳቸው ያስታውቅ ነበር። በሩን ለመክፈት ሁለት እጃቸውን ተጠቀሙ።

ሳሚ ሻዩን አጠገቤ አስቀመጠና ጎንበስ አለ። «ስሚ እንጂ፣ መቼ ነው አንቺ ሌላ ሰፈር ያደግሽው? ፒያሳን አልፋ መርካቶ ስትገባ ፓስፖርት የምታወጣ ልጅ!»

«ተወኝ ሳሚ።»

«ሰውየውን ታውቂያቸዋለሽ?»

«አስተምረውኛል።»

ሳሚ ለሁሉ ነገር ቀልድ አያጣም፤ ያን ጊዜ ግን አጣ። «ታዲያ?» ብቻ አለኝ። ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራሁ።

ከሥራ ስወጣ ሁልጊዜ ወደ ታች፣ ወደ አውቶቡሱ ነው የምሄደው። ያን ቀን እግሬ ወደ ላይ፣ ወደ ፒያሳ ወሰደኝ። በሠላሳ አምስት ዓመቴ ስለ ድሮ ማውራት እንደሚያስቅ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ያደግሁበት ቤት ቢኖር፣ የቤቱ በር ቢኖር፣ በሩ የሚከፈትበት ቅያስ ቢኖር ኖሮ እኔም እንደ እኩዮቼ ስለ ነገ ባወራሁ። አሁን እዚያ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፣ ሣር አለ፣ መብራት አለ። ቆንጆ ነው፤ ቆንጆ አይደለም አልልም። ወጣቶች ፎቶ ይነሱበታል። እኔ ግን ስሄድ እግሬ በሌለ ደረጃ ላይ ከፍ ይላል። እዚህ ጋ ካሴት ቤት ነበር፤ ስፒከሩን ደጁ ላይ አውጥቶ አዲስ የወጣውን ዘፈን ሲለቅ ማዶ ያለው ካሴት ቤት ደግሞ ሌላ ይለቅበታል፣ መሃል ላይ የምትሄድ ሰው የሁለቱንም ግጥም ደባልቃ ይዛ ቤቷ ትገባለች። እዚህ ጋ ቦምቦሊኖ በሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ወረቀቱ ዘይት ስለሚጠጣ ደብተራችንን ያበላሽብን ነበር። ማኪያቶ ሁለት ብር ከሃምሳ ሲገባ አባቴ «ከእንግዲህ ማኪያቶ የሚጠጣ ወርቅ ቤት ያለው ነው» ብሎ ወደ ሻይ ዞረ። ወርቅ ቤቶቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረው የሠርግ ሰሞን ሴቶች መስታወቱ ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው ያዩ ነበር። ወንዶች ልጆች ያን ጊዜ ሁለት ሰው የሚያስገባ ሰፊ ሱሪ ይለብሱ ነበር፤ ዝናብ ሲዘንብ ጫፉ ውሃ እየመጠጠ እስከ ጉልበታቸው ይረጥባል። እኛ ሴቶቹ ሰማያዊ ሹራብ ነበረን፣ የእኔው ከእህቴ የወረደ፣ ክርኑ ላይ ትንሽ ለየት ባለ ሰማያዊ ክር የተጣፈ።

በዚያ ሹራብ ነው ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት። ቤታችን ጸሎት የሚበዛበት፣ ድምፅ የማይበዛበት ቤት ነበር። ቸርቻችን ውስጥ ከሕፃናት መዘምራን ጋር እቆም ነበር፤ ግን አፌን ብቻ ነበር የማንቀሳቅሰው፤ ማንም ሳያውቅብኝ ሦስት ዓመት አለፈ። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምለው ከእኔ ፊት ያለችው ልጅ ብቻ በምትሰማው መጠን ነው። ቲቸር ደምሴ ደግሞ ስም ሲጠሩ «አቤት» አይበቃቸውም ነበር። አንድ ቀን አንድ ረድፍ፣ በማግሥቱ ሌላ ረድፍ እየጠሩ፣ የተጠራው ተማሪ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ሲመጣ ያየውን አንድ ነገር መናገር አለበት። «ጂኦግራፊ የሚጀምረው ከካርታ አይደለም፤ ከእግር ነው» ይሉ ነበር። ይህን ሁሉ መንገድ መንገድ በማለታቸው ልጆቹ ትራፊክ የሚል ስም አወጡላቸው። ኮሪደሩ ላይ ሲታዩ «ትራፊኩ መጣ፣ መስመርህን ያዝ!» ይባላል።

ቢኒ የሚባል የሰራተኛ ሰፈር ልጅ ነበር፤ እሱ የሚጠራበት ቀን ለክፍሉ በዓል ነው።

«ምን አየህ ቢኒያም?»

«ታክሲ፣ ቲቸር።»

«እሺ፣ ታክሲው ምን ሆነ?»

«ሞልቶ ነበር። ረዳቱን ጠጋ ጠጋ አድርግልኝ ስለው፣ እናትህ ሆድ ውስጥ ጠጋ ብለህ ነው የተወለድከው? አለኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ሲፈርስ ቲቸር ደምሴ አይቆጡም ነበር። ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው «ወዴት የሚሄድ ታክሲ ነበር? ለምን በዚያ ሰዓት ይሞላል? ሰዉ ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቁና በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከቢኒ ታክሲ ተነስተን ሰው ለምን ከገጠር ወደ ከተማ እንደሚፈልስ እንማራለን።

የእኔ ረድፍ ሲደርስ ቆምኩ። ምንም አልወጣኝም። ያየሁት ጠፍቶኝ አይደለም፤ ብዙ ነበር ያየሁት። «ነገ በወረቀት አምጪልኝ» ብለው ወደ ቀጣዩ አለፉ። በማግሥቱ ከደብተሬ ግማሽ ገጽ ቀድጄ ሰጠኋቸው። ወርቅ ቤቱ ገና እንዳልተከፈተ፣ ባለቤቱ ግን ቁልፉን ይዞ ደጁ ላይ ቆሞ መንገደኛ እስኪበዛ እንደሚጠብቅ፣ ሰው ሳያየው መክፈት እንደሚፈራ ጽፌ ነበር። ስሜን ሳይጠሩ አነበቡት። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ተራዬ ሲደርስ ወረቀት እሰጣለሁ፣ እሳቸው ያነባሉ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ነጠላ ጫማ የምትሸጥ ሴት ግራ እግሩን ብቻ እንዴት እንደምትደረድር፣ ቀኙን ሌባ እንዳይወስደው ዘንቢል ውስጥ እንደምትደብቅ። በሥላሴ በኩል ዞሬ ስመጣ የቢሮ ሠራተኞች ከታክሲ ወርደው ጫማቸውን ከመጥረጋቸው በፊት ወደ ማን ዞረው እንደሚያዩ። ያን ሁሉ ያየሁት ስለሚጠይቁኝ ነው። ዛሬም መንገድ ላይ ስሄድ የማየው ስለጠየቁኝ ነው።

አሥረኛ ክፍል፣ ፈተናው ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ወረቀቴን ስሰጣቸው አልተቀበሉኝም። «ዛሬ መነጽሬን ረስቼ መጥቻለሁ፤ አንቺው አንብቢልኝ» አሉ። መነጽራቸው ከኮታቸው ኪስ ብቅ ብሎ ይታየኝ ነበር። አነበብኩ። መስመሩ እንዳይጠፋኝ በጣቴ እየተከተልኩ ነበር። ቢኒ ከኋላ «አይሰማም!» አለ፤ ቲቸር ደምሴ ሄደው የመንገዱ ጩኸት እንዳይገባ መስኮቱን ዘጉና «ቀጥዪ» አሉኝ። ስጨርስ ማንም አልሳቀም። ደወል ተደውሎ ልጆቹ ሲወጡ ጠረጴዛቸው አጠገብ አቁመውኝ፣ «አንቺ አንድ ቀን መምህር ሆነሽ ክፍል ፊት ትቆሚያለሽ» አሉኝ። ይህ ነው ያሉኝ። ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩም። እኔ ግን ያችን ዓረፍተ ነገር ይዤ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ እህቴ አካውንቲንግ ስትለኝ ጂኦግራፊ መረጥኩ፤ ተመርቄም በከተማው ጫፍ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ተመደብኩ።

አራት ወር ነው የቆየሁት። ስድሳ ተማሪ ነበረኝ። ፊቴን ወደ እነሱ ማዞር ስላልቻልኩ ሰሌዳው ላይ ስጽፍ እውል ነበር፤ እየጻፍኩ ለሰሌዳው ነበር የማስረዳው። ልጆቹ ቲቸር ጀርባ አሉኝ። ለጊዜው አብሬያቸው ስቄ ነበር። አንድ ጠዋት ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁና መልቀቂያ አስገባሁ። ያን ቀን ከታክሲ የወረድኩት ጊዮርጊስ ነው፤ እስከ ድሮው ትምህርት ቤቴ በር ድረስ ሄድኩ። ገብቼ «ቲቸር፣ አልሆነልኝም» ልላቸው ነበር። ምናልባት እንዴት እንደሚሆን ይነግሩኝ ነበር። ዘበኛው «ማንን ፈልገሽ ነው?» ሲለኝ «ተሳስቼ ነው» ብዬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ አሥር ዓመት ሙሉ በዚያ በር በኩል አላለፍኩም። አንድ ቀን ያገኙኛል፣ «የት ነው የምታስተምሪው?» ይሉኛል ብዬ እፈራ ነበር። ማክሰኞ ዕለት መስኮቱ ላይ አንደበቴን የያዘው ይህ ነው። ስድስት ዓመታቸው እጄ ውስጥ እያለ እኔ የማስበው ስለ ራሴ ነበር።

አውቶቡስ ላይ እስከ ኮንዶሚኒየማችን ድረስ የምናገረውን ሳዘጋጅ ሄድኩ።

በማግሥቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ደረስኩ። ሳሚ ከእኔ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ልመሰክር እንደምፈልግ ስነግረው «የሚከለክል መመሪያ የለም፤ ግን ከወንበርሽ ተነስተሽ እንደ ማንኛውም ሰው በዚያ በኩል ትመጫለሽ። ቃልሽን የምቀበለው እኔ ነኝ፤ ዝምድና አይሠራም» አለኝ። ማመልከቻው ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። «ምስክር ተገኝቷል፣ ይምጡ» ብዬ ዘጋሁ። ማን እንደሆነች አልነገርኳቸውም።

ሦስት ሰዓት ላይ ሲመጡ ከመስታወቱ ውጪ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር። ተነሳሁ። «ቲቸር» አልኳቸው። «ምስክሯ እኔ ነኝ። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል አስተምረውኛል። ትናንት አላውቅም ያልኩት ውሸት ነው።»

ፊታቸው ላይ ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ የመጣው ግን ሐዘኔታ ነው።

«ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ትናንት ሁኔታዬን አይተሽ አዝነሽልኝ ይሆናል። እግዜር ይስጥልኝ። ግን እዚህ ፊርማሽን አስቀምጠሽ እንጀራሽን እንድታጪ አልፈልግም። እኔም በሐሰት ምስክር የሚሞላ ዓመት አልፈልግም።» ወደ ሳሚ ዞሩ። «ይህችን ልጅ አላውቃትም።»

ሳሚ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ትናንት የዋሸሁት ዛሬ እውነቴን በላው። ከእኔ ኋላ ሌሎች ባለጉዳዮች ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ይሰማሉ። አውቶቡስ ላይ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ።

«ካርታው» አልኩ። «ክፍል ውስጥ የነበረው የአፍሪካ ካርታ። ከማዳጋስካር በላይ ተቀድዶ ነበር፤ በቁስል ፕላስተር ለጥፈውት ነበር። ልጆቹ ማዳጋስካር ቆስላለች ይሉ ነበር። እርስዎ የሚቆሙት ከመስኮቱ በኩል ነው፤ የግራ ጆሮዎ ያስቸግርዎት ስለነበር ወደ ቀኝ ዘንበል ብለው ነው የሚያዳምጡን። መልሱን የሳተ ልጅ እንዲቀመጥ አያደርጉም፤ ሌላው ሲመልስ አብሮ ቆሞ ሰምቶ ነው የሚቀመጠው። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው ስለሚጮህ ማስተማር ያቆሙና ዝናቡን ዝም ብለን እንሰማ ነበር።» ድምፄ እስከ በሩ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ማቆም አልቻልኩም። «ቢኒያም የሚባል ልጅ ነበር፣ ታክሲው ሞልቶ...»

«ቢኒያም!» አሉ። ፊታቸው በራ። «የሰራተኛ ሰፈሩ! ያ ወሮበላ!» ሳቁ። ከዚያ እንደገና ወደ እኔ ዞረው ፊቴን ከላይ እስከ ታች ፈለጉት። ጸጉሬን ያያሉ፣ ዓይኔን ያያሉ። ሲፈልጉኝ ቆሜ ጠበቅሁ። «ክፍሉ ውስጥ እንደነበርሽ አሁን አመንኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አንቺን ግን ላስታውስሽ አልቻልኩም።»

ሳሚ ጉሮሮውን ጠረገ። «መመሪያው ምስክሯ አመልካቹን እንድታውቅ ነው የሚለው» አለ። «አመልካቹ ምስክሯን ስለማወቃቸው የሚለው የለም። ክፍል? ሴክሽን? ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው?» አምስት መስመር ሞላና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። ፈረምኩ።

ጉልበታቸውን ስለማውቅ እስከ መንገዱ ልሸኛቸው ወጣሁ። ክንዳቸውን ያዝኩ። የደረጃው የመጀመሪያ መታጠፊያ ላይ ቆም አሉ።

«ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያሉኝን ስላልሆንኩ።»

«ምን ብዬሽ ነበር?»

«መምህር ትሆኛለሽ ብለውኝ ነበር። ሞከርኩ፣ በአራት ወር ተውኩት።»

አጎንብሰው ደረጃውን አዩ። «ለስንት ልጅ እንደዚያ ብዬ ይሆን» አሉ። ለራሳቸው ነበር የሚናገሩት። «ደስ እንዲለው ብዬ፣ ፈተና ሲደርስ እንዲበረታ ብዬ። ይዞት ይሄዳል ብዬ አስቤ አላውቅም።»

ሁለተኛው ፎቅ ስንደርስ ከግድግዳው ሥር ያለውን አንድ ደረጃ በጣታቸው አሳዩኝ።

«ትናንት ስወርድ እዚህ ጋ ተቀምጬ ነበር» አሉ። «ብዙ ቆየሁ። ሰው እያለፈ የታመምኩ መስሎት ውሃ ሰጠኝ።»

ክንዳቸውን አጥብቄ ያዝኩና እርምጃዬን ከእርምጃቸው ጋር አስተካክዬ፣ ቀስ ብለን በዚያ ደረጃ አጠገብ አልፈን ወረድን።